እግሬን ሳሰለጥን እጄን ረሳሁት

ረጅም ርቀት ብስክሌት እንደምነዳ የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ እግሬ ነው። "ጉልበትህን አያምህም?" ይለኛል። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ መቀመጫዬ ይጠይቃል። ስለ እጄ የጠየቀኝ ሰው ግን የለም። እኔም አስቤው አላውቅም ነበር፤ ባለፈው ዓመት 300 ኪሎ ሜትር ከነዳሁ በኋላ በአራተኛው ቀን ጠዋት የሸሚዜን ቁልፍ መቆለፍ እስኪያቅተኝ ድረስ።

300 ኪሎ ሜትሩ ብሬቬ ነበር። ብሬቬ ውድድር አይደለም። አንደኛ ሁለተኛ የሚባል ነገር የለውም። ካርድ ይሰጥሃል፣ በየመቆጣጠሪያ ጣቢያው ማህተም እያስመታህ ከተወሰነው ሰዓት በፊት ትገባለህ፣ አለቀ። ለ200 ኪሎ ሜትር 13 ሰዓት ተኩል ነው፣ ለ300 20፣ ለ400 27፣ ለ600 40። የ300ው ሲሰላ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ወረቀት ላይ ሲያዩት ያስቃል። ችግሩ ሰዓቱ ስትበላም፣ ጎማ ስትቀይርም፣ ዛፍ ሥር ጋደም ስትልም አይቆምም።

የብሬቬዎች ሁሉ ትልቁ ፓሪስ–ብሬስት–ፓሪስ ነው። 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ረጅሙ ገደብ 90 ሰዓት። እ.ኤ.አ. በ1891 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ ገና የለየለት ውድድር ነበር፤ ያሸነፈው ሻርል ቴሮን 71 ሰዓት ያህል ፈጅቶበታል። በዚያ ዘመን መንገድ፣ በዚያ ዘመን ብስክሌት! ድሮ ስለ እሱ ሳነብ የማስበው ስለ እግሩ ነበር። አሁን የማስበው ስለ እጁ ነው።

ወደ ራሴ ልመለስ። 190ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ የቀኝ እጄ ትንሿ ጣት መንዘር ጀመረች። እጄን አራገፍኩት፣ ተወት አደረገኝ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ መልሶ መጣ። ጨለማ ነው፣ ፊቴ ላይ የሚታየኝ የመብራቴ ክብ ብቻ ነው፣ ሰውነቴ ውስጥ የማያመኝ ቦታ የለም። በዚህ ሁሉ መሃል ለአንዲት ጣት ማን ጊዜ አለው? ዝም ብዬ ነዳሁ።

የመጨረሻው ጣቢያ ላይ ካርዱ ላይ ሰዓቱን ጽፌ መፈረም ነበረብኝ። እስክሪብቶው ከእጄ ወደቀ። አነሳሁት፣ ደግሞ ወደቀ። ማህተም የምትመታው ትልቅ ሴትዮ ካርዱን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ "ልጄ፣ አምጣ እኔ ልጻፍልህ" አለችኝ። ድካም ነው ብዬ ሳቅኩ። በ17 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገባሁ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ፊርማዬን ግን ለይቶ የሚያነበው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ከአምስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያዬ ዱአትሎን ነበር። የተመዘገብኩት ከብሬቬው በፊት ነው። ዱአትሎን ሩጫ፣ ብስክሌት፣ ከዚያ ደግሞ ሩጫ ነው። እኔ የገባሁበት የተለመደው 10፣ 40፣ 5 ኪሎ ሜትር ነበር። (ስዊዘርላንድ ውስጥ ዞፊንገን ላይ የሚካሄደው ፓወርማን የሚታወቀው በ10፣ 150፣ 30 ነው። ከ150 ኪሎ ሜትር ብስክሌት በኋላ 30 ኪሎ ሜትር ሩጫ! እዚያ የሚሄዱትን ከልብ አከብራለሁ፤ አብሬያቸው ግን አልሄድም።) "300 የነዳሁ ሰው 40 ምን ያደርገኛል?" ነበር ሐሳቤ። ንቀት ነው፣ አምናለሁ።

የመጀመሪያውን 10 ኪሎ ሜትር በ48 ደቂቃ ሮጥኩ። ከአቅሜ በላይ ነው፤ ሁሉም ሰው ሲፈተለክ አብሬ ተፈተለክሁ። ብስክሌቱ ጋ ስደርስ ሄልሜቴን አደረግሁና ማሰሪያውን ልቆልፍ ስል ጣቶቼ እምቢ አሉ። ደንቡ ግልጽ ነው። ማሰሪያው ሳይቆለፍ ብስክሌቱን ከመስቀያው ማንሳት ክልክል ነው፣ ትቀጣለህ። ዳኛው አጠገቤ ቆሞ እጄን እጄን ያያል። አይቸኩልም፣ አይናገርም፣ ያያል። አምስት ሳምንት ሙሉ "ሊለቀኝ ነው" ስል የከረምኩት ድንዛዜ እዚያ ጋ ተመልሶ ቁጭ አለ። ቁልፏ በመጨረሻ ጠቅ ስትል ዳኛው ራሱ የተነፈሰ መሰለኝ።

40 ኪሎ ሜትሩን በ1 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ነዳሁ። ውድድሩ ከፊት ካለው ብስክሌት ጀርባ መጠለል የሚከለከልበት ዓይነት ስለሆነ ንፋሱን ለብቻህ ነው የምትገፋው። ስለዚህ ጎንበስ ብዬ የመሪውን የታችኛውን እጀታ ጨብጬ ነዳሁ፤ ያለ የሌለ ክብደቴን እጄ ላይ ጥዬ ማለት ነው። ያኔ አልገባኝም።

ከብስክሌቱ ወርጄ የሩጫ ጫማዬን ሳጠልቅ ነገሩ ለየለት። የጫማ ክር ማሰር። የአምስት ዓመት ልጅ የሚችለውን ነገር። የቀለበትና ትንሿ ጣቴ ሁለቱም እጄ ላይ የሉም። አንዱን ክር ስይዝ ሌላው ያመልጣል። መጀመሪያ ሞከርኩ፣ ተፈታ። ሁለተኛ ሞከርኩ፣ ገና ሳልስበው ተፈታ። እሰሩልኝ እንዳልል ከውጭ ሰው እርዳታ መቀበል አይፈቀድም። ከእኔ በኋላ የደረሱ ሦስት ሰዎች ጫማቸውን ለውጠው ሄዱ። በመጨረሻ ክሩን ጫማው ውስጥ ጠቅጥቄ ተነሳሁ። እዚያች ቦታ ብቻ 2 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ቆይቻለሁ።

የመጨረሻዋ 5 ኪሎ ሜትር ራሷን የቻለች ጉድ ናት። ከብስክሌት ወርደህ ስትሮጥ እግርህ ፔዳል እየመታ ያለ ይመስለዋል። እየበረርኩ ነው ብዬ ሰዓቴን ሳይ ለአንድ ኪሎ ሜትር 5 ደቂቃ ከ40 ይላል። በዚያ ላይ ጫማዬ እንደ ነጠላ ጫማ ይላቀቃል። ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ የተጠቀጠቀው ክር ወጥቶ መሬት ይጎትት ጀመር። አንድ ትንሽ ልጅ ከመንገዱ ዳር በጣቱ እያሳየ "ጋሼ፣ ክርህ ተፈቷል!" አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ልጅ ያንኑ አለኝ። ስጨርስ ቀኝ ተረከዜ ላይ ሳንቲም የሚያህል ውሃ የቋጠረ ቁስል ነበር።

በማግስቱ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ሐኪሙ በትንሿና በቀለበት ጣቴ መሃል ቁራጭ ወረቀት አስይዞ "አጥብቀህ ያዝ" አለኝና ጎተተው። አጥብቄ ይዣለሁ እያልኩ ወረቀቱ ሹልክ ብሎ ወጣ። ከዚያ በእስክሪብቶ ጫፍ የቀለበት ጣቴን በግራ በቀኝ ነካ ነካ አደረገ። የሚገርመው፣ የደነዘዘው የጣቱ ግማሽ ብቻ ነው! በትንሿ ጣት በኩል ያለው ጎን ደንዝዟል፣ በመሃል ጣት በኩል ያለው ሁሉን ይሰማል። ነርቩ የሚመግበው እስከዚያ ድረስ ነው አለኝ። ኧልናር ይባላል። ክርንህን ጠርዝ ነገር ሲመታህ እስከ ጣትህ የሚነዝርህ እሱው ነው። በመዳፍ ሥር፣ በትንሿ ጣት በኩል፣ በጠባብ ቦታ ያልፋል። እኔ ደግሞ ልክ እዚያ ቦታ ላይ 17 ሰዓት ተደግፌበታለሁ።

"እጅህ ላይ ለምን ተደገፍክ?" ሲለኝ መልስ አልነበረኝም። መልሱን ያገኘሁት ቤት ገብቼ ነው። ብስክሌቱን አቁሜ ኮርቻው ላይ ውሃ ልክ አስቀመጥኩ። አረፋዋ ወደ ኋላ ሸሸች። የኮርቻው አፍንጫ ወደ ታች አዘንብሏል ማለት ነው። ያዘነበልኩት ራሴ ነኝ! ከብሬቬው በፊት መቀመጫዬን ሲያመኝ ብሎኑን ፈትቼ ትንሽ ዝቅ አድርጌው ነበር። እፎይ ብያለሁም። ለካ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ፊት ስንሸራተት በእጄ እየገፋሁ ነው ራሴን የመለስኩት።

አሁን ኮርቻው አያዘነብልም፤ አረፋዋ መሃል ናት። መሪውን ትንሽ ከፍ አድርጌዋለሁ። ሰዓቴ በየ10 ደቂቃው ይንጫጫል፣ እጄን ቦታ እቀይራለሁ፣ ክርኔን አጠፍ አደርጋለሁ። ወፍራም ስፖንጅ ያለው ጓንት ገዝቼ ነበር፤ ለእኔ አልሆነኝም፣ ጭራሽ ያችኑ ቦታ ይጫነኛል። የሩጫ ጫማዬ ክር ደግሞ ላስቲክ ሆኗል፤ ማሰር የለ መፍታት የለ፣ እግርህን ታስገባና ትሄዳለህ። ሁለተኛው ዱአትሎኔ ላይ ከብስክሌት ወርጄ ለመሮጥ 38 ሰከንድ በቃኝ። የመጨረሻዋን 5 ኪሎ ሜትር ግን አሁንም በ28 ደቂቃ ነው የሮጥኳት፤ ክሩን አላሳብብ፣ እግሬ ነው።

የ400 ኪሎ ሜትር ብሬቬ ሰባት ሳምንት ቀርቶታል። ትናንት 160 ነድቼ ስመለስ ደጃፌ ላይ ቆሜ የበሩን ቁልፍ በአውራ ጣቴና በትንሿ ጣቴ ብቻ ይዤ ለማዞር ሞከርኩ። በሁለተኛው ሙከራ ዞረ።