ከጆርጅታውን እስከ ሃርፐርስ ፌሪ፦ በፖቶማክ ዳር በማውንቴን ባይክ

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሮክ ክሪክ ከፖቶማክ ወንዝ ጋር በሚገናኝበት ቦታ የሲ ኤንድ ኦ (ቼሳፒክ ኤንድ ኦሃዮ) ቦይ የዜሮ ማይል ምልክት ቆሟል። ከዚያ የሚነሳው የአፈርና የጠጠር መንገድ የቦዩን ዳር ይዞ 184.5 ማይል፣ ማለትም 297 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ኩምበርላንድ፣ ሜሪላንድ ላይ ያበቃል። የቦዩ ቁፋሮ በ1828 ሲጀመር መንገዱ የታሰበው ጀልባ ለሚጎትቱ በቅሎዎች ስለነበር ዳገት የሚባል የለውም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚወጣው 184 ሜትር ገደማ ነው። በ1924 የደረሰው ጎርፍ የጀልባውን ሥራ አስቆመው፣ በ1971 ደግሞ ቦታው ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። እዚህ የምንጽፈው እስከ ሃርፐርስ ፌሪ ስላለው መጀመሪያው 60.7 ማይል ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ከአሌክሳንድሪያ ለሚነሳ ሀበሻ ቅርብ ነው፤ በአንድ ረጅም ቀን ወይም መሃል ላይ አንድ ሌሊት አድሮ ያልቃል።

ጆርጅታውን ውስጥ ያለው ክፍል ጠባብና እግረኛ የሚበዛበት ስለሆነ እኛ የምንመርጠው 3.1ኛው ማይል ላይ ካለው ፍሌቸርስ ኮቭ መነሳት ነው። መኪና ማቆሚያ አለው። ወደ ላይ ስትሄዱ ቦዩ በቀኝ፣ ወንዙ በግራ ይሆናል። እስከ ግሬት ፎልስ፣ 14.3ኛው ማይል ድረስ፣ በየመሃሉ አጫጭር አቀበቶች ይመጣሉ። እነዚህ ሎክ የሚባሉት በድንጋይ የተገነቡ የጀልባ ማንሻዎች ያሉባቸው ቦታዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ ወደ 2.4 ሜትር ያነሳል። ከጆርጅታውን እስከ ግሬት ፎልስ 20 ሎኮች ስላሉ ከቀኑ መውጣት አብዛኛው በዚሁ ያልቃል። ከአቀበቱ ሥር ሳትደርሱ አንድ ማርሽ ማቅለል ይበቃል። እዚህ አካባቢ ቅዳሜና እሁድ ሕዝቡ ብዙ ነው፤ ደወል ግዴታ ነው፣ የፍጥነት ጣሪያው በሰዓት 15 ማይል፣ ለእግረኛና ለፈረስ ቅድሚያ መስጠት ያስፈልጋል። ቢሊ ጎት የሚባለው የድንጋይ መንገድ ለብስክሌት ዝግ ነው፤ ስሙ ያጓጓል እንጂ አትሞክሩት።

ከግሬት ፎልስ በኋላ ሰው ይሳሳል፣ እውነተኛው ገጠርም ይጀምራል። 22ኛው ማይል አካባቢ በቦዩ ውስጥ ያለው ውሃ ያበቃና ወለሉ ላይ ዛፍ ይበቅልበታል። ሴኔካ ላይ፣ 22.8ኛው ማይል፣ ቦዩን በሴኔካ ጅረት ላይ ያሻግር የነበረውን ቀይ የድንጋይ ድልድይ ታያላችሁ፤ አንዱ ቅስት በ1971 በጎርፍ ፈርሷል። የስሚዝሶኒያን ካስል የተሠራበት ቀይ ድንጋይም ከዚሁ ሰፈር የተቆረጠ ነው። ከሴኔካ እስከ ኤድዋርድስ ፌሪ ያለው 8 ማይል አንድም ሎክ የለበትም፤ ፍጹም ለጥ ያለ ነው።

የሚያደክመውም ይኸው ነው። ጠፍጣፋ መንገድ ቁልቁለት የለውም፣ ቁልቁለት ከሌለ ደግሞ ፔዳል ሳትረግጡ የምታርፉበት ቅጽበት የለም። ተራራ የለመደ ብስክሌተኛ እዚህ የሚጎዳው በእግሩ ሳይሆን በመቀመጫውና በመዳፉ ነው፤ አንድ ዓይነት አቀማመጥ ለሰዓታት ይቆያልና። ሁለት ማይል በሄዳችሁ ቁጥር ከኮርቻ ተነሥታችሁ ለግማሽ ደቂቃ ቆማችሁ ንዱ። መሪው ላይ እጅ የሚቀየርበት ተጨማሪ መያዣ መግጠም ዋጋው ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ ነው። ኮርቻው በውኃ ልክ ሲለካ ቀጥ ይበል፤ አፍንጫው ወደ ታች ካዘነበለ ሙሉ ክብደታችሁ ወደ እጅ ይሄዳል፣ ትንሿ ጣት መደንዘዝ የምትጀምረው በዚህ ነው። የፊት ሾኩ (ንዝረት የሚውጠው ክፍል) መቆለፊያ ካለው ቆልፉት፣ የዛፍ ሥር የበዛበት ቦታ ስትደርሱ ብቻ ክፈቱት።

ስለ ጎማ ትንሽ እንቆይ፣ እዚህ መንገድ ላይ ብስክሌተኛን ከሁሉ በላይ የሚያቆመው እሱ ነውና። ካላማዳሪያ ላለው 2.2 ኢንች ጎማ፣ ከ70 እስከ 75 ኪሎ ለሚመዝን ሰው፣ ከፊት 26 ከኋላ 30 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ይስማማል፤ የካምፕ ዕቃ ከጫናችሁ በኋለኛው ላይ 3 ወይም 4 ጨምሩ። በጣት ተጭኖ መገመት አያስተማምንም፣ ጠዋት በመለኪያ ለኩ። ከዚህ ብዙ ቢቀንስ የሲካሞር ዛፍ ሥር ጎማውን ከቸርኬው ጋር ያጣብቀዋል፣ ካላማዳሪያውም ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ይቀደዳል። ስለዚህ ሲተነፍስባችሁ ቀዳዳውን አንብቡት። ጎን ለጎን ሁለት ከሆነ ንፋሱ አንሶ ነበር። አንድ ከሆነና በመንገዱ በኩል ከሆነ የሎከስት ዛፍ እሾህ ሊሆን ይችላል፤ አዲሱን ካላማዳሪያ ከመክተታችሁ በፊት የጎማውን ውስጥ በጣት ዙሪያውን ቀስ ብላችሁ ዳስሱ፣ እሾሁ እዚያው ተሰክቶ ይሆናል። በቸርኬው በኩል ከሆነ ደግሞ መሸፈኛው ቴፕ ተንሸራቷል ማለት ነው፣ ካልተስተካከለ አዲሱም አሥር ማይል አይሄድም። ስትገጥሙ ካላማዳሪያውን ክብ እስኪሆን ብቻ ትንሽ ንፉት፣ የጎማውን ጠርዝ ከቫልቩ ትይዩ ጀምሩና ቫልቩ ጋ ጨርሱ። ሁለት መለዋወጫ ካላማዳሪያ፣ ፓች፣ ሁለት የፕላስቲክ ማውጫና ፖምፓ ይዞ መሄድ እዚህ ጥንቃቄ ማብዛት አይደለም፤ ስልክ የማይሠራበት ረጅም ቦታ አለ።

ሁለተኛው ጠላት ጭቃ ነው። መንገዱ በከፊል ወንዙ በጎርፍ ያመጣው ደለል ስለሆነ ከከባድ ዝናብ በኋላ እንደ ኑግ ልጥልጥ ይጣበቃል። በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ከጣት ያነሰ ክፍተት ካለ ጭቃው ሞልቶ ጎማውን ያስቆመዋል፤ ፓራፋንጎውን ከፍ አድርጉ ወይም አውልቁት። ከዝናብ በኋላ ሁለት ደረቅ ቀን መጠበቅ ይሻላል። ፖይንት ኦፍ ሮክስ ያለው የወንዝ መለኪያ በኢንተርኔት ይታያል፤ 16 ጫማ የጎርፍ ደረጃ ነው፣ ወደዚያ እየተጠጋ ከሆነ ሌላ ሳምንት ሂዱ። በመከር ወቅት ቅጠሉ የዛፍ ሥሩንና የወደቀውን የጥቁር ዋልነት ፍሬ ይሸፍናል፣ ፍሬው በፊት ጎማ ሥር ይንከባለላል። እርጥብ የእንጨት ድልድይ ላይ መሪ አትጠምዝዙ፣ የፊት ፍሬንም አትያዙ።

ውኃ ከመነሻ ሦስት ሊትር ያዙ። ነጻ የማደሪያ ሜዳዎች፣ ለምሳሌ ተርትል ረን 34.4ኛው ማይልና ማርብል ኳሪ 38.2ኛው ማይል፣ የእጅ ፖምፓ አላቸው፤ ውኃው አዮዲን ስለሚጨመርበት ጣዕሙ አይማርክም፣ በብርዱ ወራት ደግሞ እጀታው ይነቀላል። ቀድሞ የመጣ ያድራል፣ በአንድ ጉዞ በአንድ ሜዳ አንድ ሌሊት ብቻ። የቆሻሻ መጣያ ስለሌለ ያመጣችሁትን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ከግሬት ፎልስ እስከ ብረንስዊክ ከመንገዱ ሳትወጡ ምግብ ይገኛል ብላችሁ አትነሡ። በሶ እዚህ ዋጋውን ያሳያል፦ ለግማሽ ሊትር ውኃ ሦስት ሾርባ ማንኪያ፣ ቁንጥጫ ጨውና ማር። የሚበጠበጠው ግን በየማረፊያው ነው፤ ጠዋት በጥብጣችሁ ከያዛችሁት ታች ይዘቅጣል፣ በሙቀትም ይኮመጥጣል። ቆሎ በጉዞ ላይ አንመክርም፣ እየተነፈሱ ማኘክ ያስቸግራል።

ሞኖካሲ ላይ፣ 42.2ኛው ማይል፣ በ1833 ያለቀው ባለ 7 ቅስት የቦይ ድልድይ አለ። ከዚህ መስመር አንድ ቦታ ብቻ ምረጡ ብንባል ይህን ነው። ብስክሌቱን እየገፋችሁ ነው የምታልፉት፤ ሕጉም ይኸው ነው። መንገድ ዳር ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው ሐረግ ፖይዝን አይቪ ነው፣ አትንኩት። ሳማም አለ፣ እሱን ግን ማን ያስተዋውቃችኋል። ከሙቀቱ ወራት ጉዞ በኋላ ጉልበት ሥርና ወገብ ላይ መዥገር ፈትሹ፣ ላይም የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል። መስከረም ላይ ከጥላው ሥር የሚወድቀው አረንጓዴ ፍሬ ፖፖ ይባላል፤ ከጊሽጣ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፣ ሲቀምሱት ዝምድናው ወዲያው ይታወቃል። ፍሬው እንጂ ዘሩና ልጣጩ አይበላም።

ብረንስዊክ ላይ፣ 55ኛው ማይል፣ ቡናና ምግብ ይገኛል። ሃርፐርስ ፌሪ በወንዙ ማዶ ስለሆነ በባቡር ድልድዩ ላይ ባለው የእግረኛ መንገድ ትሻገራላችሁ፤ ወደ ድልድዩ የሚያወጣው ግን ጠመዝማዛ የብረት ደረጃ ነው። የካምፕ ዕቃ ከጫናችሁ ቦርሳዎቹን ፈትታችሁ በሁለት ዙር አውጡ። ለመመለስ የአምትራክ ባቡር በቀን አንዴ ወደ ዋሽንግተኑ ዩኒየን ስቴሽን ያልፋል፤ ለብስክሌቱ ቦታ አስቀድሞ ለብቻው ይያዛል። ባቡሩ ከሩቅ ስለሚመጣ መዘግየቱን ቁጠሩት፣ ማታ ሥራ ያለው ሰው ሁለተኛ መኪና ቀድሞ እዚያ ቢያቆም ይሻለዋል።