ትዊድን የራሴ ሳደርግ

ትዊድ ከሚባለው ወፍራምና ሻካራ የሱፍ ጨርቅ የተሠራ ኮት መልበስ ከጀመርኩ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ኮቱን ነበር። «የት አገኘኸው?»፣ «ጨርቁ ደስ ሲል!» ይሉኛል። በቅርቡ ግን «ዛሬ አምሮብሃል» ተባልኩ፤ ኮቱን ያነሳ አልነበረም። ስደክምለት የቆየሁት ይህ ነበርና ደስ ብሎኝ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ ነው። ትዊድ ጉልበተኛ ጨርቅ ነው። ካላወቁበት ኮቱ ይታያል፣ ለባሹ ግን ይጠፋል።

ስለ ጨርቁ ዓይነት ብዙ አልቆይም። ስሙ የገነነው ሃሪስ ትዊድ የሚሠራው ከስኮትላንድ በስተምዕራብ ባሉት የአውተር ሄብሪዲስ ደሴቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ የደንሞር ካውንቴስ የሚል የመኳንንት ማዕረግ የነበራት ካትሪን መሬይ የሃሪስ ደሴት ሸማኔዎችን ሥራ ለመኳንንት ወዳጆቿ ካስተዋወቀች በኋላ ገበያው ሰፋ። ዛሬ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ የብሪታንያ ሕግ ይጠብቀዋል፤ ሱፉ እዚያው ደሴቶቹ ላይ ተነክሮ ካልተፈተለ፣ ሸማኔውም በገዛ ቤቱ በእጅ ካልሸመነው በስሙ መሸጥ አይቻልም። ምልክቱ ከላዩ መስቀል ያለበት ሉል ነው። ሰልባጅ የምትገዙ ከሆነ የውስጡን ገልጣችሁ እሱን ፈልጉ። ዶኔጋል የሚባለው ትዊድ የአየርላንድ ነው፤ በየቦታው ባለ ቀለም ነጠብጣብ ጣል ጣል ተደርጎበታል። ሼትላንድ የሚባለው ለስለስ፣ ቼቪዮት የሚባለው ደግሞ ጠንከር ይላል። ለመጀመሪያ ኮት የዓሣ አጥንት የሚመስለውን አሸማመን የሚወዳደር የለም። ከሩቅ ዝም ያለ ነው፣ ከቅርብ ግን የሚታይ ነገር አለው።

ልክን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ ትከሻው ልክ ካልሆነ አትግዙ። እጅጌ ያጥራል፣ ወገብ ይጠብባል፣ ቁልፍ ይቀየራል። ትከሻን ማስተካከል ግን ኮቱን ፈትቶ እንደ አዲስ መስፋት ነው፤ ደህና ልብስ ሰፊም ቢሆን ባይነካው ይመርጣል። ኮቱን ለብሳችሁ በጎን ወደ ግድግዳ ተጠጉ። ከክንዳችሁ በፊት የትከሻው ጫፍ ግድግዳውን ከነካ ሰፍቷችኋል። ከውስጥ ሹራብ የምትደርቡ ከሆነም ስትለኩ ሹራቡን ለብሳችሁ ሂዱ። እኔ ስፖንጅ የበዛበትን ትከሻ ጨርሶ አልወድም። ትዊድ ራሱ ወፍራም ስለሆነ በዚያ ላይ ስፖንጅ ሲጨመርበት ሰውየው አራት ማዕዘን ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ለረጅም ጊዜ ያስቸገረኝ ቀለም ነው።

ኮቴ ከሩቅ ሲታይ ቡናማ ነው። ቡናማ ሱሪ ሳደርግበት ሁሉም ነገር ይደበዝዛል። ጥቁር ሳደርግበት ላይና ታቹ ለሁለት የተቆረጠ ይመስላል። ነጭ ሸሚዝ ስለብስ ደግሞ ኮቱ የቆሸሸ መሰለኝ። ነገሩ የገባኝ ትዊድ እንዴት እንደሚሠራ ካነበብኩ በኋላ ነው። ሱፉ የሚነከረው ገና ሳይፈተል ነው። ከዚያ የተለያየ ቀለም ያለው ሱፍ በሚዛን እየተመጠነ ይደባለቃል፣ ይነደፋል፣ ይፈተላል። ስለዚህ አንዷ ፈትል ብቻዋን አራትና አምስት ቀለም ልትይዝ ትችላለች። ከሦስት ሜትር ርቀት ዓይናችን ያን ሁሉ ቀላቅሎ «ቡናማ» ይለዋል እንጂ ቡናማ የሚባል ነጠላ ቀለም እዚያ ላይኖር ይችላል።

ይህ ሆን ተብሎም ተሠርቶበታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የስኮትላንድ ባለርስቶች ለአደን ሠራተኞቻቸው የየራሳቸውን ኮረብታ ቀለም የሚመስል ትዊድ ያሸምኑ ነበር፤ አዳኙ ከድንጋዩና ከቁጥቋጦው ጋር ተመሳስሎ አጋዘኑን እንዲጠጋ። እንግዲህ ጨርቁ የተወለደው ሰውን ለመደበቅ ከሆነ፣ ከላይ እስከ ታች በዚያው ቀለም የለበሰ ሰው ቢደበዝዝ ምን ይገርማል?

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ከኮቱ የውስጥ ስፌት ጠርዝ ላይ ብቅ ያለች ክር እፈልግና ትንሽ እቆርጣለሁ። ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጬ ጠምዛዛዋን እፈታታለሁ፣ በመስኮት ብርሃን አያታለሁ። አምፖል አይሆንም። ቢጫ ብርሃን አረንጓዴውንና ቡናማውን አንድ ያደርገዋል፣ ሰማያዊውንም ያጠፋዋል። ከእኔ ኮት ክር ውስጥ የወጣው ብዙ የዝገት ቀለም፣ የወይራ አረንጓዴ፣ ትንሽ ቢጫ፣ እና ልብ ብሎ ላላየው የማትታይ ሰማያዊ ነበር። ያችን ሰማያዊ ሳያት ነው መንገዱ የተከፈተልኝ።

ከዚያ በኋላ የያዝኩት ደንብ ይህ ነው፤ ከክሩ ውስጥ በብዛት ያለውን ሳይሆን ትንሹን ቀለም ምረጥ፣ እሱንም አንድ ቦታ ላይ ብቻ ድገመው። እኔ ሰማያዊዋን በሸሚዝ ደገምኳት። ፈዛዛ ሰማያዊ፣ ወፈር ያለ ጥጥ። ቡናማው ኮት ወዲያው ነቃ፤ ክሩ ውስጥ የተደበቀችው ሰማያዊ ከሸሚዙ ጋር መነጋገር ጀመረች። ሸሚዝ ካልሆነ ሹራብ፣ ሹራብ ካልሆነ የአንገት ልብስ ወይም ካልሲ ይሆናል። ሁለት ቦታ ስትደግሙት ግን ሆን ተብሎ የተገጣጠመ መሆኑ ያስታውቃል፣ ውበቱም ይሄዳል። ሱሪውን ከዚህ ጨዋታ አውጡት። ግራጫ የሱፍ ሱሪ ወይም ጠቆር ያለ ሰማያዊ ጂንስ ማንኛውንም ትዊድ ይሸከማል።

ከቀለሙ ጋር አብሮ የሚሄደው የጨርቁ ገጽ ነው። ሻካራ ከሻካራ ጋር ይስማማል። ኮርዱሮይ፣ ጂንስ፣ የሱፍ ሹራብ፣ ወፍራም ጥጥ፣ ገጹ ያልተወለወለ ቆዳ ጫማ፣ ሁሉም ከትዊድ ጋር ዘመድ ናቸው። የሚያብረቀርቅ የሐር ከረባትና ቀጭን የሙሉ ልብስ ሱሪ ግን አይሆኑም። በተለይ የሙሉ ልብስ ሱሪ! ብዙ ሰው ቤቱ ያለውን አንስቶ ያደርገዋል፤ እኔ ግን ይህን ባየሁ ቁጥር ሱሪው የሌላ ሰው ይመስለኛል። ከረባት የግድ ካስፈለገ በሹራብ አሠራር የተሠራ ወይም የሱፍ ይሁን።

ከነኮፍያው፣ ከነሰደርያው፣ ከነኪስ ሰዓቱ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መልበስ የሚያምርባቸው አሉ፤ እኔ ግን ለማንም አልመክርም። ያ የተወሰነ ዘመን ልብስ ይሆናል፣ ለባሹም የዚያ ዘመን ሰው። የራሳችሁን ነገር ማስገባት አለባችሁ። እኔ ከትዊድ በፊትም ክብ አንገት ሹራብ እወድ ነበር፣ አሁንም ከኮቱ ሥር እሱኑ እለብሳለሁ። ክርን ላይ ገና በአዲሱ የሚለጠፈውን ቆዳም አልወደውም። ክርኑ ሲሳሳ ይለጠፍ፤ ያኔ ምክንያት አለው።

ያልተፈታልኝም አለ። የተለመደው ሃሪስ ትዊድ በሜትር ወደ 470 ግራም ስለሚመዝን ቤት ውስጥ ሲሞቅ አስቸጋሪ ነው። አንዳንዶች ግማሽ ገበር ያለውን ግዙ ይላሉ፤ ሞክሬዋለሁ፣ ጀርባን ትንሽ ያቀላል እንጂ ሙቀቱን አያስቀርም። የእኔ መፍትሔ ከውስጥ የምለብሰውን ማሳሳት ብቻ ነው፤ ጥሩ መፍትሔ ነው ብዬ አልከራከርም። አረንጓዴ ትዊድም እስካሁን አልለመድኩትም። የክሩን ዘዴ ተጠቅሜ ትንሹን ቀለም አገኛለሁ፣ እደግመዋለሁ፣ ግን አሁንም ኮቱ ብቻውን ይጮሃል። ምናልባት ለፊቴ ቀለም አይሆንም። ዘዴው ልብሱን ከልብስ ጋር ያስማማል፣ ልብሱን ከፊት ጋር ለማስማማት ግን መስታወት ፊት ከመቆም ሌላ መንገድ አላገኘሁም።

አያያዙ ቀላል ነው። ከለበሳችሁት በኋላ በብሩሽ ከላይ ወደ ታች አራግፉት፣ ሰፊ ትከሻ ባለው መስቀያ ስቀሉት፣ በማግስቱ አትልበሱት። ላውንደሪ አታብዙበት፣ በካውያም አትጨፍልቁት፤ እንፋሎት ይበቃዋል። ትልቁ ጠላት ብል ነው፤ ጨርቁን የሚበላው የሚበረው ሳይሆን ገና ትል የሆነው ነው። ሰልባጅ ስገዛ መጀመሪያ በፕላስቲክ ጥብቅ አድርጌ አሽጌ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆየዋለሁ። ከዚያ በፊት ከሌሎች ልብሶቼ አጠገብ አይደርስም።

ቀጥሎ ልሞክር ያሰብኩት ትልልቅ የመስኮት ፍሬም የመሰለ መስመር ያለበትን ነው። እዚያ ላይ የሚደገመው የመስመሩ ቀለም ነው ወይስ መደቡ ውስጥ ያለው ትንሹ? የለበሳችሁት ካላችሁ ንገሩኝ፤ እኔ ወደ መደቡ አደላለሁ።