ጅማን ከጅሬን ጀምሩ

ጅማ ለሥራ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከመናኸሪያ እስከ ሆቴሉ ያለውን አስፋልት ብቻ አይቶ ይመለሳል። ሁለት ቀን ያላችሁ የመጀመሪያውን ጠዋት ለጅሬን ኮረብታ ስጡት። የከተማዋ አቀማመጥ የሚገባችሁ ከዚያ ቁልቁል ስታዩ ነው፦ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ኮረብታው ላይ፣ የሂርማታ ገበያ ታች ሜዳው ላይ። ድሮ የሲራራ ነጋዴ ቡናውንና ማሩን ይዞ ሜዳው ላይ ያርፍ ነበር፣ ገዢው ከላይ ሆኖ መንገዱን ይጠብቅ ነበር። ጅማ ያደገችው በዚህ ነው።

ጅሬን ከመሃል ከተማ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባጃጅ ስትኮናተሩ መመለሻውንና የሚጠብቃችሁን ሰዓት ጨምራችሁ ተስማሙ፤ ላይ ደርሳችሁ ሌላ ባጃጅ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በክረምት ቀዩ አፈር ስለሚያንሸራትት ሶሉ ያላለቀ ጫማ አድርጉ። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ባትሄዱ ይሻላል፣ የጁምዓ ሶላት ሰዓት ነው።

የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ነገሡ። ለምኒልክ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ስላቆዩ ቤተ መንግሥቱ ከጦርነት ተርፏል። ሳትቸኩሉ እዩት፤ በረንዳው፣ ምሰሶው፣ የመስኮቱ ቅርጽ ሁሉ የእንጨት ሥራ ነው። የእንጨት ጠላቱ ዝናብና ምስጥ ነው፤ ጣሪያው ያፈሰሰበት ቦታ ምሰሶው ከሥሩ ይበሰብሳል። ስለዚህ አስጎብኚው አትውጡ ያለው ደረጃ ላይ አትውጡ፣ የበረንዳውን አጥርም አትደገፉ። እንዲህ ያለ ቤት በጉብኝት ብዛት ሊጎዳ አይገባም።

ከዚያ ወርዳችሁ ሙዚየሙን እዩ፤ የንጉሡ መገልገያዎች ያሉት እዚያ ነው። በጣሊያን ጊዜ ጅማ የደቡብ ምዕራቡ ግዛት ዋና ከተማ ስለነበረች የዚያ ዘመን ሕንጻዎች በመሃል ከተማ አሁንም አሉ፤ በእግር ዞራችሁ ታዩአቸዋላችሁ።

ገበያ ከሆነ ሐሙስ ውጡ። የጅማ በርጩማ ስትገዙ ገልብጣችሁ እዩት። ደህናው ሦስት እግሩም መቀመጫውም ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ነው፤ ሚስማር ወይም ኮላ ካያችሁ ተዉት። ቀዝቃዛና ከመጠኑ በላይ ከባድ ከሆነ እንጨቱ አልደረቀም፣ ቤት ወስዳችሁ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

ሁለተኛው ቀን የቡና ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ከመጣችሁ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ለቀማውን ታያላችሁ። ማድረቂያ አልጋው ላይ ቆም በሉ። እሸቱ በስሱ ተሰጥቶ ቶሎ ቶሎ መገላበጥ አለበት፤ ከተከመረ ውስጡ ይፈላና ይበላሻል፣ መሬት ላይ ከተሰጣ የአፈርና የሻጋታ ሽታ ይይዛል። ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው በፀሐይ የሚደርቅ ቡና፣ ለመድረቅ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ለቤት ስትገዙ አንድ እፍኝ ጨብጣችሁ አሽትቱ፤ ሻጋታ ከሸተተ የቱንም ያህል ብትቆሉት አይለቅም። ደረቅ ፍሬ በጥርስ ሲነከስ ጠጣር ነው፣ ከለሰለሰ እርጥብ ነው ማለት ነው። ሰው ማሳ ውስጥ ሳታስፈቅዱ አትግቡ። በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ» (እንደምን አላችሁ) ብላችሁ ከጠየቃችሁ የሚከለክላችሁ ጥቂት ነው፣ «ቡና ቀላ» የሚባለው በቅቤ የሚሠራ የቡና ፍሬ ከቀረበላችሁም ቅመሱት።

ጫካ የሚወድ በቦንጋ መንገድ ወደ በለጤ ይሂድ። ቡናው እዚያ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው የሚበቅለው፣ ጉሬዛም አለ። ወደ ቦዬ ረግረግ የምትሄዱ ደግሞ ሲመሽ ከውሃው ዳር ራቁ፤ ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣው በጨለማ ነው።

አዲስ አበባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው። በማለዳ ተነሡ፤ የጊቤ ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ቀስ ተብሎ የሚወረድ ነው፣ ፍሬን ላይ ብቻ የተማመነ ሹፌር ታች ሳይደርስ ፍሬኑ ይግላል።