የፈረሱን ሞት አትቁረጡባቸው

ለሰፈር ልጆች ፊልም ለማሳየት የምታስቡ ሁሉ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ የአዳራሽ ቁልፍ የያዘ ሰው ስለ ፊልሙ ይዘት እንዲወስን በር አትክፈቱለት። ይህን አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ያ ሁሉ ልጅ ግራ ተጋብቶ ወደ ቤቱ ባልተመለሰ ነበር።

የምኖረው ከቱሉ ዲምቱ ወጣ ብሎ ባለ የጋራ መኖሪያ ሰፈር ነው። መሰናዶው ቀላል ነበር። ፕሮጀክተርና ድምፅ ማጉያ ሠርግ ከሚቀርጽ ጎረቤቴ ተከራየሁ፤ ነጭ አንሶላ ግድግዳው ላይ ወጠርኩ፤ መስኮቶቹን በካርቶን ሸፈንኩ፤ ትርጉሙን በማይክሮፎን እኔው ልናገር ተዘጋጀሁ።

ፊልሙ ቮልፍጋንግ ፒተርሰን እ.ኤ.አ. በ1984 የሠራው «ማብቂያ የሌለው ታሪክ» ነው። ጉድለቱ ብዙ ነው። ሚካኤል ኤንዴ በ1979 ካሳተመው መጽሐፍ የወሰደው የመጀመሪያውን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ደራሲው በፊልሙ እጅግ ከመቆጣቱ የተነሣ ስሙ ከመክፈቻው እንዲወጣ ጠይቋል። መጨረሻውን ሳይ እኔም አብሬው እቆጣለሁ። ታሪኩን ከመጽሐፍ የሚያነበው ልጅ ባስቲያን በታሪኩ ዘንዶ ጀርባ ሆኖ ያንገላቱትን ልጆች በከተማው መንገድ ያሳድዳል። መጽሐፉ ግን ለልጁ ብቀላ አይሰጠውም፤ ምኞቱ በተፈጸመ ቁጥር አንድ ትዝታ እየወሰደበት በመጨረሻ የራሱን ስም እንኳ ያስረሳዋል።

ፈረሱ የሚሰምጥበት የሐዘን ረግረግ ላይ ግን ከደራሲው ይልቅ ፊልሙን እመርጣለሁ። በመጽሐፉ ፈረሱ አርታክስ ይናገራል፤ ትቶት እንዲሄድ ጋላቢውን፣ ባስቲያን የሚያነበውን ታሪክ ጀግና አትሬዩን ይለምነዋል። በፊልሙ አፍ የለውም። ልጁ ልጓሙን እየጎተተ ይጮኻል፤ ፈረሱ ቆሞ ያየዋል፤ ጭቃው ከፍ ይላል። የእኛ ሰፈር ልጆች ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልጋቸውም። በክረምት የጋሪ ፈረስ ዋልካው ውስጥ ተይዞ ባለቤቱ ሲታገል አይተዋል፤ እነሱም ጫማቸውን ለዚያ ጭቃ ትተው በባዶ እግራቸው ቤት ገብተዋል።

ለሰፈራችን አዳራሽ ኮሚቴ ደብዳቤ ሳስገባ «ፊልሙ ይገምገም» ተባለ። ገምጋሚው ፈረሱ እስኪሰምጥ ድረስ በትዕግሥት አዩ። ከዚያ «ወንድሜ፣ ልጅ የሚያስለቅስ ነገር ለልጅ አይታይም። እሷን ቁረጥና ፈቃዱን ውሰድ» አሉኝ። የፊልሙ ልብ እሱ እንደሆነ፣ ካላመኑኝ ከልጆቹ ጋር ተቀምጠው እንዲያዩት ለመንኳቸው። ዝም አሉ፤ ፈቃዱንም ፈረሙ።

በዕለቱ ከፕሮጀክተሩ አጠገብ ወንበር ይዘው ተቀመጡ። አትሬዩ ረግረጉ ውስጥ ሲገባ የሚንጫጫው አዳራሽ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። እኔም ማይክሮፎኑን አወረድኩ። ጭቃው የፈረሱ ደረት ላይ ሲደርስ ሰውዬው ብድግ ብለው የቃለ ጉባኤ ደብተራቸውን ፕሮጀክተሩ ፊት ደቀኑት። አንሶላው ጠቆረ። ድምፁ ግን አልተቋረጠም! አትሬዩ የፈረሱን ስም እየጠራ በጨለማው ውስጥ ሲጮኽ ልጆቹ ሁሉንም ሰሙ። ሕፃናቱ ማልቀስ የጀመሩት ያን ጊዜ ነው። ደብተሩ ሲነሣ አትሬዩ ብቻውን ቆሟል።

«ጋሼ፣ ፈረሱስ?» የሚል ጥያቄ ከየአቅጣጫው መጣ። ጥንታዊቷ ኤሊ ሞርላ ስትናገር የሚሰማት አልነበረም፤ ፈረሱን እየጠበቁ ነው። ወደ መጨረሻው አትሬዩ አርታክስን ጋልቦ ሲታይ አንዲት ልጅ «ጠፍቶ ነው የተገኘው?» ብላ ጠየቀችኝ። ከሞት የተመለሰው ፈረስ ለእሷ ከግጦሽ የተመለሰ ፈረስ ሆነባት። ሐዘኑን የነፈጋቸው ደብተር ደስታውንም ነፍጓቸዋል። ይህን ስጽፍ እንኳ ንዴቴ አልበረደም። ሰውዬው ግን ሲወጡ «አየህ፣ ምንም ሳይጎድል አለቀ» አሉኝ።

ስለዚህ ምክሬ ከኮሚቴው መመሪያ ጋር አይገጥምም። የሚያስለቅሰውን ክፍል አትንኩ። ያን ጊዜ አትተርጉሙ፣ አታጽናኑ፤ የሚፈራውን ሕፃን አቅፋችሁ ዝም በሉ። መቁረጥ ካለባችሁ ዘንዶው ከተማ የሚገባበትን ብቀላ ቁረጡ፤ ባስቲያን በዘንዶው ጀርባ በምናቡ ዓለም ላይ ሲበር አቁሙት። የቀረውን መጽሐፍ በቃል ተርኩላቸው። በ1990 የወጣውን ተከታይ ፊልም አትፈልጉት፤ ከሁለተኛው ግማሽ የወሰደውን አቅልሎታል።

እኔም ከዚያ በኋላ ፊልሙን ሳይቆረጥ ያሳየሁት በአንዲት ጎረቤቴ ግቢ ነው። ልጆቹ አለቀሱ፤ አርታክስ ሲመለስ ግን ጩኸታቸው አጥሩን አልፎ ተሰማ። በሳምንቱ ስለ ባስቲያን ትዝታዎች ስነግራቸው ምኞቶቹን በጣታቸው እየቆጠሩ «አሁንስ ምን ረሳ?» ይሉኛል። የአባቱን ነገር ከሞላ ጎደል የረሳበት ቦታ ስደርስ አንዱ ልጅ ተቆጥቶ «በቃ፣ ሌላ እንዳይመኝ ንገረው» አለኝ። ለአዳራሹ ሌላ ደብዳቤ አልጻፍኩም፤ አልጽፍምም።