የላይነር ማውጫ ሠራሁ፤ አሳሬን ያየሁት ግን በዲስኩ ነው

አሮጌ ቤላሩስ ትራክተር የምትጠግኑ ሰዎች፣ ይህን ሳታነቡ ለላይነር ማውጫ፣ ማለትም የሞተሩን የሲሊንደር ቱቦ ስቦ ለሚያወጣው መሣሪያ፣ ብረት አትቁረጡ። ለእኔ ማንም ቀድሞ አልነገረኝም። ቢነግረኝ ኖሮ ያን ሁሉ ደጅ ባልጠናሁ።

ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ትንሽ ጋራዥ አለኝ። በበልግ መግቢያ፣ ልክ የእርሻው ጥድፊያ ሲጀምር፣ ከአሰንዳቦ በኩል አንድ ሰማያዊ ቤላሩስ፣ ኤም ቲ ዜድ 80 የሚባለው፣ ተጎትቶ መጣ። ባለቤቱ ሀጂ የዘይት መለኪያውን መዝዘው አሳዩኝ። ዘይቱ ማኪያቶ መስሏል። ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው።

ይህን ትራክተር የማያውቅ ካለ፦ ሚንስክ ውስጥ መመረት የጀመረው በ1974 እ.ኤ.አ. ነው። ሞተሩ ዲ-240 ይባላል። አራት ሲሊንደር፣ 4.75 ሊትር። የሲሊንደሩ ስፋት 110 ሚሊ ሜትር፣ የፒስቶኑ ምት 125 ሚሊ ሜትር። ላይነሩ፣ ማለትም ፒስቶኑ የሚመላለስበት ተቀያሪ ቱቦ፣ እርጥብ የሚባለው ዓይነት ነው። የማቀዝቀዣው ውሃ ገላውን በቀጥታ ይነካዋል። ከላይ በከንፈሩ ብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ላይ ይቀመጣል። ከታች ውሃው ወደ ኮፓ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ) እንዳይወርድ የጎማ ቀለበት ይዘጋዋል።

ጣጣው ያለው እዚያ ታች ቀለበቱ ጋ ነው። እኛ ዘንድ ራዲያተር የሚሞላው በወንዝ ውሃ ነው። ዝገት መከላከያ የሚጨምር ባለትራክተር እኔ ጋ መጥቶ አያውቅም። ዝገቱና ደለሉ ዓመት በዓመት እየተጋገረ ላይነሩን ከብሎኩ ጋር ያጣብቀዋል። ጎማው ደርቆ ማፍሰስ ሲጀምር ላይነሩ ሊወጣ ይገባል፤ እሱ ደግሞ አልወጣም ይላል።

የተለመደው ዘዴ ከታች እንጨት ደግፎ በመዶሻ መምታት ነው። ላልተጣበቀ ላይነር ይሠራል። ለተጣበቀ ግን አትሞክሩት። ምቱ አንድ ጎን ላይ ያርፋል፣ ላይነሩ ይንጋደዳል፣ የብሎኩን ጠርዝ ይሸርፋል። ላይነር ይገዛል፤ ብሎክ ከየት ይመጣል? ሌላው ምክር «አዲስ አበባ ውሰደው» የሚል ነው። ለአንድ ብሎክ ወደ 350 ኪሎ ሜትር፣ ያውም በእርሻ ወቅት! ማውጫውን ራሴ ልሥራ አልኩ።

ማውጫው ሦስት ነገር ነው፦ ከላይ ብሎኩ ላይ የሚቆም ድልድይ፣ ከላይነሩ ሥር የሚገባ ዲስክ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ረጅም ባለጥርስ ብረት፣ ማለትም ሽክርክሪት። ድልድዩ ቀላል ነበር። ሁለት ዩ ብረት ጀርባ ለጀርባ፣ መሃላቸው ሽክርክሪቱ የሚያልፍበት ክፍተት ተትቶ ተበየዱ። እግሮቹ ከላይነሩ ከንፈር ውጭ፣ ብሎኩ ላይ ይቆማሉ። ላይነሩ ወደ ላይ ሲመጣ የሚገባበት ቦታ ስለሚያስፈልግ እግሮቹን ረዘም አድርጓቸው። ሽክርክሪቱን ከሚስበው ዳዶ ሥር የድሮ ኩሽኔታ ከግራሶ ጋር ገባ። ይኸው ነው፣ በግማሽ ቀን አለቀ።

አሁን ወደ ዲስኩ።

ዲስኩ ከላይነሩ ሥር ገብቶ ግርጌውን የሚያቅፈው ብረት ነው። ከ20 ሚሊ ሜትር ላሜራ እንዲወጣ አሰብኩና ስዕል ሠራሁ። ሁለት ደረጃ አለው። ላይኛው ደረጃ 109 ሚሊ ሜትር ያህል ሆኖ ላይነሩ ውስጥ ይገባል፤ ዲስኩ መሃል እንዳይለቅ ይይዘዋል። ታችኛው ሰፋ ብሎ ግርጌውን ያቅፋል፤ ነገር ግን ከላይነሩ የውጭ ጠርዝ በየጎኑ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይጎድላል። ከዚያ ሁለቱ ተቃራኒ ጎኖቹ ይቆረጣሉ። ይህ ከሆነ ክራንክ ሻፍቱን፣ ማለትም ከሥር ያለውን ፒስቶኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ፣ ማውረድ አያስፈልግም። ዲስኩ በጎኑ ቆሞ ከላይ በላይነሩ ውስጥ ያልፋል፣ ታች ሲደርስ ይቃናል።

የማውቀው የግል ቶርኖ ቤት (ብረት እያዞረ የሚቀርጸው ማሽን ያለበት) የማሽኑ ሞተር ተቃጥሎ ቆሞ ነበር። ሰዎች ወደ አንድ የመንግሥት ማሠልጠኛ ወርክሾፕ መሩኝ። ቶርኖ በሰልፍ ቆሟል፣ የሚሠራበት የለም። ደስ አለኝ። ደስታዬ በር ላይ ቀረ።

ኃላፊው ስዕሉን ሳያይ «ደብዳቤ አለህ?» አለኝ።

«የምን ደብዳቤ?»

«የትብብር።»

ከቀበሌ አጻፍኩ። ይዤ ስሄድ ደብዳቤው የተጻፈው ለሌላ የሥራ ክፍል ነው ተባለ። አስተካከልኩ። ቀጥሎ ሒሳብ ክፍል። ልክፈል ብል፣ ደረሰኙ በየትኛው መደብ እንደሚቆረጥ የሚያውቅ ጠፋ። ለሥልጠና እንዳይባል ሠልጣኝ አይደለሁም። ለጥገና እንዳይባል ትራክተሩ የእነሱ አይደለም። ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና። በመጨረሻ አንዷ ሠራተኛ «ለምን ፈጠራ ተብሎ አይመዘገብም?» አለች። ሁሉም ተነፈሱ። ፈጠራ ደግሞ ፕሮፖዛል ይፈልጋል። ዓላማው፣ አስፈላጊነቱ፣ ለሥራ ዕድል ያለው አስተዋጽኦ። አንዲት ክብ ብረት እኮ ናት! ጻፍኩ። ምን ላድርግ?

ሀጂ በየቀኑ ይደውላሉ። «ልጄ፣ ጎረቤቶቼ አርሰው ሊጨርሱ ነው።»

«ሀጂ፣ ትንሽ ይታገሱኝ» እላለሁ። ፈጠራ ሆኖ ተመዝግቧል ብዬ እንዴት ልንገራቸው?

ከዚህ ሁሉ በኋላ ብረቱን የተረከበው አሠልጣኝ ስዕሌን አልወደደውም። «ሙሉ ክብ ነው የሚሻለው። ጉልበቱ ዙሪያውን እኩል ይከፋፈላል። ጎኑን መቁረጥ ያዳክመዋል፣ ደረጃውም ትርፍ ሥራ ነው» አለ። ክራንክ ሻፍቱስ ስለው፣ «መጽሐፉ አውርድ ነው የሚለው» አለኝ። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲታደስ እውነት ነው፣ ለማንኛውም ይወርዳል። የሀጂ ክራንክ ሻፍት ግን ምንም አልነበረውም። ለጎማ ቀለበት ብሎ ደህና ክራንክ ሻፍት የሚፈታ ሰው ጊዜ የተረፈው ነው። ተከራከርኩ፣ አልሰማም። ሙሉ ክብ፣ ደረጃ የሌለው፣ ስፋቱ ልክ ከላይነሩ የውጭ ጠርዝ ጋር እኩል የሆነ ዲስክ አስረከበኝ። አያያዙ እንዲጠነክር ነው ይለኛል!

ክራንክ ሻፍቱን እያጉረመረምኩ አወረድኩ። ዲስኩን ከታች ደቀንኩ፣ ከሱቅ በተገዛ ረጅም ባለጥርስ ብረት ከድልድዩ ጋር አገናኘሁና ዳዶውን ማጥበቅ ጀመርኩ። ላይነሩ ጠጥ ብሎ ትንሽ ተነሳ። ረዳቴ አጨበጨበ። ከዚያ ቆመ።

የሆነው እንዲህ ነው። ላይነሩ ሲነሳ ዲስኩ ተከትሎት ብሎኩ ውስጥ ይገባል። መሃል የሚይዘው ደረጃ ስለሌለው ወደ ጎን ሸሸ፣ ተንጋደደ። በየጎኑ ሊጎድል የሚገባው አንድ ሚሊ ሜትርም ስለሌለ ላይነሩ የሚያልፍበትን የብሎኩን የታች ቀዳዳ ጠርዝ ነከሰ። እኔ የማየው ከላይ ነው፤ ላይነሩ የያዘ ነው የሚመስለው። ጨምሬ አጠበቅኩ። ጧ! አለ። ጋራዡ ጸጥ አለ። ብሎኩ ተሰነጠቀ ብዬ ላብ አጠመቀኝ።

አልሐምዱሊላህ፣ ያለቀው የባለጥርሱ ብረት ጥርስ ነበር። ሱቅ የሚሸጠው ያ ረጅም ብረት አብዛኛውን ጊዜ ለስላሳ ነው። ለዚህ ሥራ ቢያንስ 8.8 ጥንካሬ ያስፈልጋል፤ ቡሎን ከሆነ ቁጥሩ ጭንቅላቱ ላይ ይጻፋል። ቁጥር ከሌለው አትመኑት። ግን አሁን ሳስበው ያ ለስላሳ ብረት ባለውለታዬ ነው። ጠንካራ ቢሆን ኖሮ የሚሸነፈው ብሎኩ ነበር። ዲስኩን ከላይ በእንጨት እየመታን ለማስለቀቅ ግማሽ ቀን ፈጀ። ብሎኩ ላይ የቀረውን ጭረት በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። ጥልቅ አልነበረም። ጭረቱን ባሰብኩ ቁጥር ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።

የግሉ ቶርኖ ቤት ማሽኑ ተጠግኖ ስለነበር ያንኑ ዲስክ ወሰድኩለት። ስዕሌን አየና ስለ ደብዳቤ ሳይጠይቅ ደረጃውን አወጣ፣ ጎኖቹን ቆረጠ። ሽክርክሪቱን ከአሮጌ መኪና አክስል በ24 ሚሊ ሜትር ውፍረትና በ3 ሚሊ ሜትር የጥርስ ርቀት ሠራልኝ። ዳዶው አንድ ዙር ሲዞር ላይነሩ 3 ሚሊ ሜትር ይነሳል።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሥራ ሆነ። ማታ በብሎኩ የውሃ ቀዳዳዎች ናፍጣ አፈሰስኩ፤ ወርዶ ዝገት የያዘው የታችኛው ቀለበት ላይ ይተኛል። ከሥር ሳፋ አድርጉ፣ ይንጠባጠባል። ዳዶውን በእጅ ጉልበት ብቻ አጥብቄ ተውኩት። ቁልፉ ላይ ቱቦ እየሰኩ ጉልበት መጨመር የለም። ውጥረቱና ናፍጣው ሌሊቱን ይሥሩ። ጠዋት ድልድዩን በመዶሻ መታ መታ ሳደርገው ላይነሩ ለቀቀ። የታችኛው ቀለበት ከቦታው ከወጣ ቀሪው በእጅ ይሳባል። አንዱ ብቻ እምቢ አለ። ውስጡን ከላይ እስከ ታች በብየዳ መስመር ሳብኩበት። ብየዳው ሲቀዘቅዝ ላይነሩን ያኮማትረዋል። መጽሐፍ ላይ የለም፣ ባለሙያ ነን የሚሉም ይቆጣሉ። የሚጣል ላይነር ከሆነ ግን ግድ የላችሁም፣ አድርጉት።

ስትመልሱ አዲሱን ላይነር መጀመሪያ ያለ ጎማ አስቀምጡት። ከንፈሩ ከብሎኩ ወለል ከ0.05 እስከ 0.11 ሚሊ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ከዚያ ከበለጠ ከሥሩ ዝገት ቀርቷል፣ ካነሰ ደግሞ ወንበሩ ተበልቷል፤ ቴስታታውን (የሞተሩን ክዳን) ብታጠብቁትም በመሃል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ በደንብ አይያዝም። ጎማውን በሳሙና ውሃ አለስልሳችሁ አስገቡ። ኮፓውን ከመግጠማችሁ በፊት ብሎኩን ውሃ ሞልታችሁ አሳድሩትና ከሥር እዩ። ይህቺን የሚዘል መካኒክ ሥራውን ሁለቴ ይሠራል። ለራዲያተር ደግሞ ከወንዝ የዝናብ ውሃ ይሻላል፤ ጅማ ላይ ዝናብ አይቸግርም። ዝገት መከላከያው ግን እሱም ላይ ይጨመር።

ትራክተሩ ወደ አሰንዳቦ ከተመለሰ በኋላ ከዚያ ማሠልጠኛ ተደወለልኝ። ዲስኩ ለኤግዚቢሽን ይፈለጋል፣ «በእኛ ወርክሾፕ የተሠራ ፈጠራ» ተብሎ። ቆርጬዋለሁ አልኳቸው። «ከመቆረጡ በፊት የተነሳ ፎቶ አለህ?» ብለው ጠየቁኝ።

ማሲ ፈርጉሰን 135 ላላችሁ፦ የፐርኪንሱ ባለሦስት ሲሊንደር ሞተር ስፋቱ 91.4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሌላ ዲስክ ይፈልጋል፤ ድልድዩና ሽክርክሪቱ ያው ነው። የእሱ ላይነር ግን ደረቅ የሚባለው ነው። ስስ ነው፣ ከብሎኩ ጋር ዙሪያውን ተጣብቆ ይቀመጣል። ናፍጣ የሚተኛበት ቦታ የለውም። እዚያ ላይ ከብየዳው መስመር ጀምሩ፣ ማውጫውን ከዚያ በኋላ አምጡ።