የረጠበ ጨው

የለገጣፎ ዝናብ ከሰዓት ጀምሮ ቆርቆሮውን ይደበድባል። መብራትም የለም። እንዲህ ሲጨልም ሆዴ ይባባል፣ ያለ ምክንያት። ወጡን ከሰል ላይ ጥጄ የጨው ዕቃውን ብከፍተው ረጥቦ ጓጉሏል። አዮዲኑን እርጥበትና ፀሐይ ነው የሚጨርሱት፤ ክዳኑ ገጥሞ መቀመጥ፣ ወጥ ውስጥም ሊወጣ ሲል መግባት ነበረበት።

ጨው ሳስብ እንቅርት፣ እንቅርት ሳስብ የሚጡ እናት። የእንቅርቷ እብጠት በአልትራሳውንድ የተለካበትን ወረቀት ይዛ «አደገብኝ» አለች። አምና 11፣ ዘንድሮ 12 ሚሊ ሜትር። በአንዷ ሚሊ ሜትር እንቅልፍ አጥታለች! ማሽኑ ሲቀየር፣ የሚለካው ሰው ሲቀየር ይህን ያህል ይለያያል። አደገ የሚባለው ቢያንስ በሁለት አቅጣጫ 20 በመቶ፣ ያውም ከ2 ሚሊ ሜትር ሳያንስ ሲጨምር ነው፤ ወይም ይዘቱ ከግማሽ በላይ ሲጨምር። ይዘቱ ርዝመት፣ ወርድና ጥልቀቱ ተባዝቶ በ0.52 ነው። ታዲያ አንድ ቁጥር ብቻ ጽፎ መስጠት ምን ይሉታል? ለከርሞ በምን ሊወዳደር?

ትልቅነቱ ብቻም አይደለም። ፈሳሽ የቋጠረ እብጠት 3 ሴንቲ ሜትር ሆኖ እንኳ ለካንሰር ላያሰጋ ይችላል። ድፍን ሆኖ በአልትራሳውንድ ጠቆር ያለ፣ ጠርዙ የተሸራረፈ፣ ከወርዱ ወደ ውስጥ ጥልቀቱ የሚበልጥ፣ ነጫጭ ነጥብ የበዛበት ግን 1 ሴንቲ ሜትር ሲሞላ በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰድለታል። የእንቅርት እብጠት በጥቅሉ ሲታይ አብዛኛው ካንሰር አይደለም። ድምፅ ጎርንኖ ከቀረ፣ እብጠቱ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ አልነቃነቅ ካለ፣ በአንገት ጎን ሌላ ጉብታ ከወጣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። ቲኤስኤች፣ ማለትም የእንቅርት ዕጢን የሚያዘው ሆርሞን፣ በደም ምርመራ ዝቅ ካለ ደግሞ ከመርፌው በፊት እብጠቱ ሆርሞን ማምረት አለማምረቱን የሚያሳይ ስካን ይቅደም፤ እብጠቱ ራሱ ሆርሞን የሚያመርት ከሆነ ካንሰር የሚገኝበት ከስንት አንዴ ነው።

የሚጡ እናት ደግሞ የአዮዲን ክኒን ልጀምር ትላለች። የቆየ እብጠት ላይ አዮዲን ሲበዛ ሆርሞኑን ከልክ በላይ ሊያስመርተው ይችላል፤ ልብ መምታት፣ እጅ መንቀጥቀጥ፣ መክሳት ይከተላል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄኔ ነው፣ ቃል በቃል።

ምን ሸተተኝ? ወጡ! የሰው አንገት ስለካ አረረብኝ። ጨውስ ጨምሬበት ነበር እንዴ?