ጾንግ ዮ ቢንግ፦ ሊጡ፣ ማጥቀሻውና አቀራረቡ እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም ጓዶች፣ ያ ጾንግ ዮ ቢንግ የሚባለው የቻይና የሽንኩርት ቂጣ (ረጅም ቅጠል ባለው ሽንኩርት የሚሰራው) እንዴት ነው እንደዛ ተነባብሮ የሚወጣልህ ብላችሁ ስትጠይቁኝ የነበራችሁ፣ አሁን ያለሁበትን ልጻፍላችሁ፣ እዚህ ቻይና ጂናንና ሌላ የሻንዶንግ ክፍለ ሀገር ከተማ ያላችሁ ደሞ ሽንኩርቱ የሚበቅለው እዛው ደጃችሁ ነውና ሰበብ የላችሁም።

ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ሽንኩርቱ ላይ ነው፣ ነገሩን የሚወስነው ግን ውሃው ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ የተለወሰ ሊጥ ስትዳምጡት እየተሳበ ይመለሳል ሲጠበስም ላስቲክ ይሆናል፣ በፈላ ውሃ ብቻ ከሆነ ደሞ ለስላሳ ይሆናል ግን ጥርስ ላይ ምንም አይልም። እኔ አሁን የረጋሁበት 300 ግራም ፉርኖ ዱቄት (እዚህ ፓኬቱ ላይ መካከለኛ ግሉተን የሚለው) ላይ መጀመሪያ 150 ግራም የፈላ ውሃ በቾፕስቲክ እያማሰልኩ ማፍሰስ፣ ከዛ 50 ግራም ያህል ቀዝቃዛ ጨምሬ በእጅ መሰብሰብ ነው። የፈላው ውሃ ስታርቹን አብስሎ ግሉተኑን (ሊጡን እንደ ላስቲክ የሚያሳስበውን) ያዳክመዋል፣ ቀዝቃዛው ደሞ ትንሽ መሳሳብ ያስቀርለታል። እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ይጣበቅ፣ ዱቄት አትጨምሩበት፣ እጃችሁን ዘይት ቀቡና ቀጥሉ። ከዛ ሸፍናችሁ ግማሽ ሰዓት እርሱት፣ በቃ ርሱት! ጉልበት የሚባል ነገር እዚህ ጋ አይሰራም፣ እረፍቱን የሚዘል ሰው ከመዳመጫው ጋር ሲታገል ይውላል።

ንብርብሩ የሚመጣው ከዘይት ሊጥ ነው። የሽንኩርቱን ነጭ ክፍል በዘይት ለስለስ ባለ እሳት ጠርዙ ቡናማ እስኪል ትጠብሱና ታወጡታላችሁ፣ ዘይቱን እንደጋለ ሁለት ሶስት ማንኪያ ዱቄትና ጨው የተቀላቀለበት ጎድጓዳ ሳህን ላይ ስታፈሱት ቸስ ብሎ አረፋ ያወጣል ቤቱንም ሽታው ይሞላዋል፣ ስታማስሉት ከማንኪያ ላይ ቀስ ብሎ የሚወርድ መሆን አለበት። ዘይት ብቻ ብትቀቡ ስትጠቀልሉት በጎን ይወጣል፣ ዱቄት የያዘው ግን ባለበት ይቀመጣል፣ ስለዚህ አንዱ ሽፋን ካንዱ አይጣበቅም። ጨው ሽንኩርቱ ላይ እንዳትነሰንሱ፣ ውሃውን ያወጣዋል ሊጡም ይቀደዳል። ሽንኩርቱም ከታጠበ በኋላ በደምብ ይድረቅ።

ሽንኩርት ካነሳን፣ የዣንግቺው ትልቁ ሽንኩርት እዚሁ ጂናን ስር ነው የሚመረተው፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሁሉ አለ፣ ነጩ ክፍል ጣፋጭ ስለሆነ እዚህ ሰዎች ጥሬውን በስስ ቂጣ ጠቅልለው ከጣፋጭ ሶስ ጋር ይበሉታል። ለዚህ ስራ ግን ወፍራምና ውሃ የበዛበት ነው፣ ቀጭኑንና ቅጠላሙን ግዙ።

ከዛ ያው የምታውቁት ነው፣ ሊጡን አሳስቶ ዳምጦ፣ የዘይቱን ሊጥ ቀብቶ፣ ቅጠሉን በትኖ፣ በቁመቱ መጠቅለልና እንደ ቄስ ጥምጥም ማዞር። ጫፉን ከስር ሸጉጡት፣ ሩብ ሰዓት እንደገና ይረፍ፣ ከዛ ግማሽ ሴንቲሜትር አካባቢ እስኪሆን በእጅ መዳፍ ተጫኑት። ካሳሳችሁት ንብርብሩ ተመልሶ ይጣበቃል። ዘይት በያዘ መጥበሻ፣ መካከለኛ እሳት፣ በየጎኑ ሶስት ደቂቃ ምናምን፣ መጀመሪያ ላይ ክዳን ይኑረው ውስጡ እንዲበስል፣ መጨረሻ ላይ ክፍት ይሁን ኮሽ ኮሽ እንዲል።

አሳማ ለማይበላ ሰው፣ ማለትም ለአብዛኞቻችን፣ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ በድሮው የሻንጋይ አሰራር የአሳማ ስብ ይገባበታል፣ የጂናኑ ዮሹዋን የሚባለው ጥምዝ ቂጣም ቢሆን በተለምዶ ስብ አለው። ውጪ ስትበሉ ሁዪ የሚባሉት የቻይና ሙስሊሞች ምግብ ቤት መሄድ ይሻላል። ቤት ውስጥ በአትክልት ዘይት ከሰራችሁት ግን ለጾምም ይሆናል ለሙስሊም ጓደኛም ይቀርባል፣ እኔ ጋ ሁዳዴ ላይ ተፈላጊነቱ የሚጨምረው ለዛ ነው።

ማጥቀሻው ላይ ቀለል አድርጉት። እዚህ ብዙ ሰው ለቁርስ ባዶውን በሶያ ወተት ወይ በገንፎ ነገር ነው የሚበላው፣ እኛ ግን የሚጠቀስ ነገር ከሌለ ምግብ የቀረበልን አይመስለንም አይደል። ሁለት ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ አንድ ማንኪያ ጥቁር አቼቶ፣ ቆንጥር ስኳር፣ የተፈጨ ዝንጅብል፣ ሁለት ሶስት ጠብታ የሰሊጥ ዘይት። አቼቶው የዠንጂያንግ ከሆነ ከሩዝ ስለሚሰራ ለስለስ ያለ ነው፣ የሻንሺው ከማሽላ ነው ኮምጣጣነቱም ይጠነክራል፣ ቂጣው ዘይታም ስለሆነ እኔ ሻንሺውን እመርጣለሁ፣ ያ ዘይቱን ይቆርጠዋል። በርበሬ ለምትፈልጉ፣ ከሀገር ቤት የመጣው በርበሬ ደቃቅ ስለሆነ የጋለ ዘይት ሲነካው ወዲያው ያራል፣ ምሬቱ ሁሉንም ያበላሻል፣ ለዘይቱ የእነሱን ሻካራ በርበሬ ተጠቀሙ፣ የኛን በመጨረሻ ዘይቱ ለብ ሲል ብቻ ቆንጠር አድርጉ።

ስታቀርቡ መጥበሻው ላይ እያለ በሁለት ጭልፋ ከግራና ከቀኝ ወደ መሀል ገፋ ገፋ አድርጉት፣ ያኔ ነው ንብርብሩ የሚከፈተው፣ ከዛ እንደ ፒዛ ሶስት ማዕዘን ሳይሆን በእጅ ቀደድ እያደረጉ መስጠት፣ ቢላ ጠርዙን ይጨፈልቀዋል። ሳህን ላይ አትደራርቡት፣ እንፋሎቱ ከስር ያለውን ያረጥበዋል፣ አንዱ ሲበላ ሌላው ይጠበስ። እንግዳ ብዙ ከሆነ ጠዋት ተጭናችሁ ጥሬውን በፕላስቲክ መሀል እየለያችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ፣ ሲመጡ ሳታሟሙት ቀጥታ መጥበሻው ላይ፣ ዘይቱ ስለሚፈናጠቅ ብቻ ቶሎ ክደኑት።